ሊብሬው በማን ስም ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ነገር ቢቆጠር መሬትና ኮሮላ ይቀድማሉ። መሬቱስ ይሁን፣ አይዝግም። ሦስት ጊዜ ቀለም የተቀባች፣ ክረምት ሲገባ በበሯ ሥር ውሃ የምታስገባ፣ የሹፌር ወንበሯ በሌላ ጨርቅ የተጠገነ ዲኤክስ ኮሮላ ባለቤቷ ከገዛት በላይ ስትጠራ ለእንግዳ ሰው ግራ ነው። እዚህ ግን የሚደነቅ የለም። ከፓፒረስ ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ያየ ሰው፣ በባጃጁና በብስክሌቱ መሀል ከሚያልፉት የቤት መኪኖች አንዳንዶቹ ነጂያቸውን በዕድሜ እንደሚበልጡ ያስተውላል። ዋጋቸውን ጠይቁ ግን፤ የደላላው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ባለፈው ዓመት ብትመጣ ይሻል ነበር።»

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የነጋዴ መዝገብ እይዛለሁ፣ ዓመት ሲዘጋ ግብር አሳውቃለሁ። ዘመዶቼ ደግሞ «ግብር» የሚለው ቃል የገባበትን ሁሉ እኔ የማውቅ ይመስላቸዋል። የእህቴ ባል ዘንድሮ መኪና ልግዛ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የደወለው ለሜካኒክ ሳይሆን ለእኔ ነበር። «ስም ማዛወሪያው ስንት ይመጣል?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ከመኪናው ግብር ውስጥ ትንሹን ክፍል ነው የጠየቀኝ። ትልቁ ግብር ገና እጁን ኪሱ ሳይከት ተከፍሎ አልቋል። ዋጋው ውስጥ ገብቷል ማለቴ ነው።

ይህን ለማስረዳት ወደ 2012 መመለስ ግድ ነው። ከዚያ በፊት የኤክሳይስ ታክሱ፣ ማለትም በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ግብር፣ የሚያየው በሲሲ የሚለካውን የሞተሩን መጠን ነበር። እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። መኪናው አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ለዚህ ሕግ ጉዳዩ አልነበረም። በዚያ ላይ ከዱባይና ከአውሮፓ የሚመጣ ያገለገለ መኪና የግዢ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ በመቶኛ የሚሰላው ቀረጥም አነሰ። አገሩ በአሮጌ ቶዮታ የተሞላው በዚህ መንገድ ነው። ተማሪ ሳለን ዘመድ «ከውጭ ላከልን» ሲባል አዲስ መኪና የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ሌላ አገር አሥር ዓመት ሠርታ ጡረታዋን ልታሳልፍ የመጣች መኪና ነበረች።

በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይህን ገለበጠው። አዲስ ሆኖ ከ1300 ሲሲ የማይበልጥ መኪና 5 በመቶ ብቻ ተጣለበት። ያገለገለ ከሆነ ግን ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እየወጣ ሄዶ፣ ከ7 ዓመት በላይ የሠራና ከ1800 ሲሲ የሚበልጥ መኪና ላይ 500 በመቶ ደረሰ። የተሰጠው ምክንያት የሚያስቅ አልነበረም። አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ አደጋ ያበዛል፣ ለመለዋወጫው ዶላር ይበላል። ሦስቱም እውነት ናቸው። እኔ አሁንም ሐሳቡን አልጠላውም።

ቁጥሩ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ግን ጥቂቶች ነበሩ፤ ብዙ ሰው 500 በመቶን «አምስት እጥፍ» ብሎ አልፎታል። ቀረጥና ታክስ ግን አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚሰላው። ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነ፣ ከ7 ዓመት ያለፈ መኪና ወደብ ሲደርስ ዋጋው 1,000,000 ብር ቢሆን በወቅቱ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመርበት 1,350,000 ይሆናል። ኤክሳይሱ የሚሰላው በዚህ ድምር ላይ ነው፤ 500 በመቶው ብቻውን 6,750,000 ብር። እዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል፣ በቫቱም ላይ ጭምር ሱር ታክስ የሚባለው 10 በመቶ ተጨማሪ ታክስ። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከ10,200,000 ብር ይበልጣል። በቀድሞው 100 በመቶ ኤክሳይስ ያው መኪና የሚያወጣው 3,400,000 አካባቢ ነበር። ሌሎቹን ጥቃቅን ክፍያዎች ገና አልቆጠርኩም።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ማስገባት ቀረ። አዋጁ ያሰበው ይኸው ነበር፣ ተሳካለትም። ያላሰበው ከድንበሩ ወዲህ ያለውን ነው። ቀድመው የገቡት መኪኖች በአንድ ቀን ተተኪ አጡ። አዲስ ትንሽ መኪና በ5 በመቶ ኤክሳይስ ይገባል ቢባልም ለማስገባት ዶላር ያስፈልጋል፣ ዶላር ደግሞ አልነበረም። መተካት ያልቻለ ዕቃ ዋጋው አይወርድም። መንግሥት አሮጌውን መኪና ከመንገድ ሊያስወጣው ፈልጎ ነበር፤ በተግባር ግን እያንዳንዱን አሮጌ መኪና ባለቤቱ እንደ ወርቅ የሚጠብቀው ሀብት አደረገው። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች መካከል በዚያ ዓመት መኪናውን ለመሸጥ አስቦ የነበረ ሁሉ ሐሳቡን ቀየረ።

ከዚያ የመጣው ይህንኑ ያባባሰ ነው። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዓለሙ ስሜ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕገዳው በር ዘጋ፣ ምንዛሬው ደግሞ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስወደደ። ባሕር ዳር ላይ የቆመች ቪትዝ በዚያ ሰሞን ምንም አላደረገችም፤ አልተጠገነችም፣ አልታደሰችም፣ ከቆመችበትም አልተነቃነቀችም። ዋጋዋ ግን ጨመረ።

የእህቴ ባል ይህን ሁሉ ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝና «እሺ፣ ስም ማዛወሪያውስ?» አለ። ሰው የሚያስበው ኪሱ ላይ የሚታየውን ነው።

ስም ማዛወሪያው እንግዲህ ይህ ነው። በ1990 የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 የንብረት ባለቤትነት በስም ሲመዘገብ የንብረቱን ዋጋ 2 በመቶ ያስከፍላል። ሕጉ ከፋይ የሚያደርገው ንብረቱን በስሙ የሚያስመዘግበውን ነው፤ ገበያው ላይ ግን እንደ ድርድሩ ነው። «ሙሉውን ገዢ ይቻል»፣ «እኩል እንካፈል»፣ «ሻጭ እስከ ውልና ማስረጃ፣ ገዢ ከዚያ ወዲያ» እየተባለ ይሄዳል። በዚህ ላይ የውል ማረጋገጫው፣ የምርመራው፣ የሰሌዳው ክፍያ አለ፤ እነሱ ትንንሽ ናቸው።

መቶኛው ሳይነካ የመኪናው ዋጋ ስላደገ ብቻ ቀረጡ አብሮ አደገ። መኪናዋ 100,000 ብር በነበረችበት ዘመን 2 በመቶ ማለት 2,000 ብር ነበር፤ ሰው ሳያጉረመርም ይከፍለው ነበር። 2,000,000 ብር ስትሸጥ 40,000 ብር ይመጣል። 40,000 ብር ደግሞ የብዙ ሰው የወራት ደመወዝ ነው። ስለዚህ መላ ፍለጋ ይጀመራል።

የመጀመሪያው መላ በውሉ ላይ ዋጋ ማሳነስ ነው። ይህ እምብዛም አያስኬድም፤ ቀረጡን የሚያሰላው መሥሪያ ቤት በውሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የማመን ግዴታ የለበትም፣ በመኪናው ዓይነትና ዕድሜ የራሱን ግምት ያወጣል። ለቀረጡ ጥቅም የሌለው ውሸት ደግሞ በኋላ ለገዢው ይተርፋል። መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም ከጀርባው እግድ ኖሮበት ውሉ ቢፈርስ፣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ዋጋ ነው። 2,000,000 ከፍሎ 300,000 ያጻፈ ሰው የቀረውን በምን ማስረጃ ይጠይቃል? ያመነው ሻጭ ጋ ስልክ በመደወል ብቻ ነው።

ሁለተኛው መላ ውክልና ነው፤ ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። ሻጭ ለገዢ «መኪናዬን እንዲነዳ፣ እንዲያስመረምር፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ውክልና ይሰጠዋል። ገንዘቡ ይከፈላል፣ ቁልፉ ይሰጣል፣ ሊብሬው፣ የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ግን በቀድሞው ስም ይቆያል። ገዢውም በተራው ለሦስተኛ ሰው ይሸጣል፤ የውክልና ውክልና። ቀረጡ አልተከፈለም፣ ሁሉም የተጠቀመ ይመስለዋል።

የእህቴ ባል ያያት መኪና እንዲህ ነበረች። ሻጩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሽምብጥ አካባቢ ነው ቤታቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። መኪናዋ ንጹሕ ናት፣ ሞተሯ አልተከፈተም፣ ሜካኒኩም ወዷታል። ሊብሬውን ሳይ ግን የተጻፈው ስም የጋሼ አይደለም።

«ይህ የማን ስም ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«የአንድ የአዲስ አበባ ሰው ነው። እኔ በውክልና ነው የገዛሁት።»

«ከራሱ ነው የገዙት?»

«ከራሱስ አይደለም፤ እሱ ከሸጠለት ልጅ ነው። ልጁ ደግሞ አሁን አገር ውስጥ የለም። ምን ችግር አለው ልጄ? ይኸው ስንት ዓመቴ ስነዳት፣ ማንም አልጠየቀኝ።»

ማንም አልጠየቀኝ። ይህን ቃል በሥራዬ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ብዙ ጊዜም ከመጠየቁ አንድ ቀን በፊት ነው የሚነገረው። ጋሼ ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ሊያታልሉን አልሞከሩም። ሕጉ ግን ሐቀኝነታቸውን አይመለከትም።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው እንደሚችል ይናገራል። ወካዩ ወይም ተወካዩ ሲሞትም ውክልናው ያበቃል። በሊብሬው ላይ ያለው ሰው ያረፈ እንደሆነ ጋሼ እጅ ያለው ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው፤ መኪናዋ በሕግ ፊት የሟች ንብረት ናት፣ ወራሾች «የአባታችን ናት» ቢሉ ሊብሬው ይመሰክርላቸዋል። ሰውየው ባለዕዳ ሆኖ ንብረቱ ላይ እግድ ቢወጣ መኪናዋም ትያዛለች። ከሚስቱ ጋር ቢፋቱ በንብረት ክፍፍሉ ትገባለች። የጋራ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ፈቃድ ማስፈለጉም ሌላ ነው፤ ሚስት ያልፈረመችበት ሽያጭ ዓመታት ቆይቶ ሲነሳ አይቻለሁ።

ሻጮች ደግሞ የማያስቡት አንድ ነገር አለ፣ እሱም የራሳቸው አደጋ ነው። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንዲነዳው ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። ያ የአዲስ አበባ ሰው መኪናዋን ከሸጣት ዓመታት አልፈዋል፤ መልኳንም ረስቶት ይሆናል። ጋሼ ግን ወደ ዘንዘልማ ሲሄዱ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ሰው ቢገጩ የተጎጂው ቤተሰብ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነበው ስም የሱ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ መሆኑ ጥቂት ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ማን ይከፍላል የሚለው የዓመታት ክርክር ነው። እንግዲህ 2 በመቶ ለመሸሽ ይህን ሁሉ መሸከም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ካልሆነ ምን ይሆናል?

ለደላላስ ስንት እንደምንከፍል አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ እሱም 2 በመቶ ነው። ስልክ ደውሎ ሁለት ሰው ላገናኘ፣ «ሴት ናት የነዳቻት» ብሎ ለማለ ሰው 2 በመቶ ሳንጨቃጨቅ እንሰጣለን። ንብረቱን በስማችን ለሚያደርግልን ግን 2 በመቶ ዝርፊያ ይመስለናል። ደላሎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጣና ዳር ካሉት ጁስ ቤቶች ተቀምጠው ስልካቸውን የሚያገላብጡት ልጆች በዚህ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። ግን ገንዘቡ እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ የሚያመን፣ አንዱ የማያመን ለምን እንደሆነ አንዳንዴ ይገርመኛል። ምናልባት ደላላው ፈገግ ብሎ ስለሚቀበለን፣ ወረፋም ስለማያስቆመን ይሆናል።

የቢሮውን ነገር እንዳልዘነጋ። ሰው ከቀረጡ ብቻ አይሸሽም፣ ከምልልሱም ይሸሻል። መኪናው የአዲስ አበባ ሰሌዳ ካለው ፋይሉ ከዚያ ወደ ክልሉ መዛወር አለበት። ሻጭ በአካል መቅረብ አለበት፣ ወይም ትክክለኛ ውክልና መላክ። መንገዱ እንደ ልብ በማይሆንበት በዚህ ዘመን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ግድም ለአንድ ፊርማ መሄድ ቀልድ አይደለም። ሻንሲ ቁጥሩ በዝገት ወይም በአደጋ ጥገና የደበዘዘ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይጀመራል። ዲክላራሲዮኑ፣ መኪናው ሲገባ የተሞላው የጉምሩክ ሰነድ፣ ፋይል ውስጥ ያልተገኘለት ሰውም አውቃለሁ፤ ያንን እዚህ ላይ አልገባበትም።

ስለ ከቀረጥ ነጻ መኪኖች ግን አንድ ነገር ልበል፤ በእኛ ከተማ ይህ ይበዛልና። ባሕር ዳር የሆቴል፣ የሎጅ፣ የአስጎብኚና የእርዳታ ድርጅት ከተማ ናት። በዚህ ሥራ ሰበብ ከቀረጥ ነጻ የገቡ መኪኖች አሉ፤ ሕጉ ለታለመለት ሥራ ነው የፈቀደላቸው። ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ቱሪስት ሲጠፋ መኪናው ለሽያጭ ይወጣል፣ ዋጋውም ከገበያው ዝቅ ያለ ይሆንና ሰው ይጓጓል። ያ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ሳይከፈል የቀረው ቀረጥና ታክስ ይጠየቅበታል። ከላይ የቆጠርነውን የታክስ ድርብርብ አስታውሱ። እንዲህ ያለ መኪና ርካሽ አይደለም፤ ሒሳቡ ገና አልተዘጋም። ጉምሩክ የከፈለበት ማስረጃ ሳይታይ ቀብድ መስጠት አይገባም፤ ቀብድ ከተሰጠ በኋላ የሻጭ ትሕትና ይቀንሳል።

ነጋዴ ለሆነ ሻጭ ሌላም አለ። መዝገብ የሚይዝ ሰው አይሱዙውን ሲሸጥ «የራሴን መኪና ሸጥኩ» ብሎ ማለፍ አይችልም። መኪናው በየዓመቱ በእርጅና ተቀናሽ እየተያዘለት ግብሩን ሲቀንስለት ኖሯል። በመዝገቡ ላይ ዋጋው ዜሮ አጠገብ ደርሶ በገበያው ግን ሚሊዮኖች ሲያወጣ፣ ልዩነቱ የንግድ ገቢ ሆኖ ይደመራል፤ ለግለሰብ ነጋዴ ከፍተኛው የግብር መጣኔ 35 በመቶ ነው። ቫት ተመዝጋቢ ከሆነ የቫቱም ጥያቄ ይከተላል። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። አንዱ «መኪናው እኮ አርጅቷል፣ ምኑን ነው የማተርፈው?» አለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ መኪናው አርጅቷል፣ ዋጋው ግን አላረጀም፤ ያተረፈውም በንግድ ሳይሆን ብሩ በመርከሱ ነው። በዚያው ገንዘብ ሌላ አይሱዙ መግዛት አይችልም፤ ግብሩ ግን ትርፍ ነው ይለዋል። እዚህ ላይ ደንበኞቼ ሲያማርሩ አልፈርድባቸውም።

የቤት መኪናውን የሚሸጥ ደመወዝተኛ ግን የተለየ ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በንብረት ማስተላለፍ ጥቅም ላይ ግብር ሲጥል የጠቀሰው የማይንቀሳቀስ ንብረትን በ15 በመቶ፣ አክሲዮንና ቦንድን በ30 በመቶ ነበር። የግል መኪና በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ብዙ ሰው ግን የቤት ሽያጭን ከመኪና ሽያጭ ጋር እያምታታ «15 በመቶ ይወስዱብኛል» ብሎ ይፈራል። ካልተጣለበት ግብር ፈርቶ ወደ ውክልና የሮጠ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

«እንግዲያው ኤሌክትሪክ ልግዛ?» አለኝ የእህቴ ባል አንድ ምሽት። እህቴ ከኋላው ሆና ራሷን ትነቀንቃለች፤ የመብራት መጥፋቱን አስባ ነው።

በወረቀት ላይ ካየነው ክርክር የለውም። በ2014 በተወሰነው መሠረት ኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይስ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነጻ ተደረጉ። ተገጣጥሞ ያለቀ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣው ምንም እንዳይከፍል ያኔ ተወሰነ። ከ500 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። ባሕር ዳርም ለዚህ መኪና የተሠራች ከተማ ናት፤ ሜዳ ናት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጭር ናት፣ ቀን ሲዞሩ ውለው ማታ ቤት ነው የሚሞላው። የሱ ሥራ ግን ከተማ ውስጥ አያልቅም፤ አንዴ መራዊ፣ አንዴ ዳንግላ፣ አንዳንዴም ጎንደር ነው። ከከተማ ሲወጣ ባትሪውን የት ይሞላል?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ መኪናው ራሱ አንድ ቀን ያገለገለ ይሆናል። ያኔ ደላላው «ሞተሯ አልተከፈተም» ብሎ መማል አይችልም፤ ገዢ የሚጠይቀው የባትሪውን ጤንነት ነው፣ ያንን በጆሮ አዳምጦ፣ ጭስ አይቶ የሚነግር የሠፈር ሜካኒክ የለም። የነዳጇ ኮሮላ ዋጋ በዕገዳው ተደግፎ ቆሟል። የኤሌክትሪኩ ዋጋ የሚቆመው በምን ላይ እንደሆነ ገበያው ገና አልወሰነም። ለዛሬ ኪሱ ርካሹ ኤሌክትሪኩ ነው፤ ነገ ሸጬ ገንዘቤን አወጣለሁ ለሚል ሰው ግን ልቡ ወደ አሮጌዋ ያደላል። መኪናን እንደ ባንክ የሚያይ ሕዝብ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አስተያየቴን የጠየቀኝ የለም፣ ግን ብሎጉ የራሴ ነው። የስም ማዛወሪያው ክፍያ በመቶኛ ባይሆን እመርጣለሁ። እንደ መኪናው ዓይነት የተቆረጠ፣ ዝቅ ያለና አስቀድሞ የሚታወቅ ክፍያ ቢሆን ሰው ወደ ውክልና አይሸሽም። መንግሥትም በአንድ መኪና ያጣውን በብዛት ያገኘዋል፤ ዛሬ በውክልና ከሚዞሩት መኪኖች እኮ የሚያገኘው ባዶ ነው። ሰንሰለቱ ለረዘመባቸው እንደ ጋሼ ላሉ ሰዎች ደግሞ የጊዜ ገደብ ያለው ምሕረት ያስፈልጋል፦ ይዞታውንና ክፍያውን ያስረዳ ሰው የመጨረሻውን ባለ ሊብሬ አስጠርቶ፣ ካልተገኘም በማስታወቂያ፣ ስሙን የሚያዞርበት መንገድ። ትራፊክ ፖሊስም፣ ባንክም፣ ፍርድ ቤትም ይጠቀማሉ። በትክክለኛ ስም የማይነበብ ሊብሬ ለማንም አይጠቅምም፤ ከሌባ በቀር።

የእህቴ ባል በመጨረሻ የጋሼን መኪና ገዛት፣ ግን በውክልና አይደለም። የሊብሬውን ባለቤት ስልኩን ከቀድሞው የመድን ወረቀት ላይ አገኘነው። መኪናዋ አሁንም በስሙ መሆኗን ሲሰማ መጀመሪያ ዝም አለ፤ የቁጥር 2081ን ነገር ሳነብለት ግን «መቼ ልምጣ?» አለ። መምጣት አላስፈለገውም፤ ከሚስቱ ጋር ሆኖ እዚያው አዲስ አበባ በአግባቡ ፈረመ፣ «ለመንገዴ» ብሎም ትንሽ ገንዘብ ተቀበለ። ያልሄደበትን መንገድ ማለት ነው፤ ግድ የለም። ውሉ ላይ የተጻፈው እውነተኛው ዋጋ ነው። ቀረጡን የእህቴ ባል ሁለት ሦስተኛውን፣ ጋሼ የቀረውን ከፈሉ። ፋይሉ ከአዲስ አበባ እስኪዛወር ገና እየጠበቅን ነው።

ጋሼ በገንዘቡ ሌላ መኪና እያፈላለጉ ናቸው። ባለፈው ሰሞን ደውለውልኝ አንዲት ያሪስ እንዳገኙ ነገሩኝ። «ሊብሬው በማን ስም ነው?» አልኳቸው።

«እሱን ተወው ልጄ፣» አሉኝ፤ «ዋጋዋ ጥሩ ነው።»